የብሎክ ዘጠኝ እንቅፋት

በብሎክ ዘጠኝ የቁም ስብሰባ የሚጀመረው ከጠዋቱ 12:45 ነው። አንድ ሰዓት ሲሆን ያልቃል። ብሎኩ ሃያ ሦስት ቤት አለው። ከየቤቱ አንድ ተወካይ ይወርድና ግቢው ውስጥ የብሎኩ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ፊት ለፊት በግማሽ ክብ ይቆማል። አሥራ አምስት ደቂቃ ለሃያ ሦስት ሲካፈል ለአንድ ሰው ሠላሳ ዘጠኝ ሰከንድ ይደርሰዋል። መቀመጫ የለም። ድሮ አንድ የሲሚንቶ አግዳሚ ነበር። በ2064 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ማፍረሱም ለብሎኩ ሦስት ነጥብ አስገኘ።

እያንዳንዱ ሰው ሦስት ጥያቄ ይመልሳል። ትናንት ምን ጨረስክ? ዛሬ ምን ትጨርሳለህ? ምን እንቅፋት ገጠመህ?

«ትናንት የልጄን ጥርስ አስነቀልኩ፤ ሁለት ነጥብ። ዛሬ ከባለቤቴ ጋር እታረቃለሁ፤ አምስት ነጥብ። እንቅፋት የለም፣ ይመስገን።»

«ትናንት የአክስቴን ለቅሶ ጨረስኩ፤ ሦስት ነጥብ። ዛሬ ሥራ እገባለሁ። እንቅፋት የለም፣ ይመስገን።»

ሰሌዳው ያዳምጣል። ከግቢው በተጨማሪ ደረጃውንና ኮሪደሩን ይሰማል። ቤት ውስጥ ግን በመመሪያው መሠረት አይሰማም። ሰዎች ቤት ውስጥም ቢሆን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ፤ ይሄ መመሪያ ላይ የለም።

የየቤቱ ሥራ የሚጻፍባቸውን የሰሌዳውን ካርዶች ከ«ሊሠራ» ወደ «በሥራ ላይ»፣ ከዚያ ወደ «ያለቀ» የምትወስደው የብሎኩ አቀላጣፊ ባንቺአምላክ ናት። ሰሌዳው ራሱ ሊያንቀሳቅሳቸው ይችላል፤ መመሪያው ግን ካርድ በሰው እጅ ይነሳ ይላል። ሰው በእጁ ያነሳውን ነገር አይረሳም ተብሎ ነው።

ባንቺአምላክ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ሥራዋ ሊፍት መጠገን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ጎረቤቶቿ በአንድ ድምፅ ሲመርጧት «ኧረ እኔ አልችልም» አለች፤ እነሱም ይህን እንደ እሺታ ቆጠሩት። ለአቀላጣፊ የሚያስፈልጉትን ሰባት መሠረታዊ ክህሎቶች ተምራ በዘጠና አንድ አለፈች። የክህሎቶቹ ዝርዝር በላስቲክ ተሸፍኖ ደረጃው ሥር ተለጥፏል። ክህሎት አንድ ማዳመጥ ነው፤ ክህሎት ሦስት ትልቅ ሥራን መበጣጠስ፤ ክህሎት አምስት እንቅፋትን ማንሳት። ከተሳሳተቻቸው ጥያቄዎች የምታስታውሰው አንዱን ብቻ ነው፦ «እንቅፋቱ ሰው ቢሆን ምን ታደርጋለህ?» እሷ «ሰውየውን አነጋግረዋለሁ» የሚለውን መረጠች። ስህተት ነበር። ትክክለኛው መልስ የቱ እንደሆነ ግን ፈተናው አይነግርም።

አቀላጣፊ የቤት ተወካይ መሆን ስለማይችል ቤቷን ወክለው የሚወርዱት አባቷ ጋሽ ያብስራ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በዚህ ዘመን የሽማግሌና የአሮጊት ስም ያብስራ፣ ሶልያና፣ ኤዶም፣ ናትናኤል ነው። ወጣቶቹ ደግሞ ዘርጋውና ኩሪባቸው ይባላሉ፤ ወላጆቻቸው የድሮ ስም ማውጣት ደስ ይላቸው ነበር።

ጋሽ ያብስራ ከሦስተኛ ፎቅ ሲወርዱ ከኋላቸው ሰባት ሰው ይሰለፋል። ሊፍት አለ፤ ግን ከ12:30 እስከ አንድ ሰዓት ለስብሰባው ሲባል ይቆማል። ከወረዱ በኋላ ሰላምታ አለ። በስብሰባ ላይ ሰላምታ ከተከለከለ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ለእሳቸው ግን ማንም ሊነግራቸው አልቻለም።

«እንዴት አደርሽ ሶልያና? ያ ጉልበትሽ እንዴት ነው? አንተስ መምህር? ሳሉ ለቀቀህ? ልጅቷ ፈተናውን እንዴት ሆነች? እሰይ፣ እሰይ። እናንተስ?»

ይህ አራት ደቂቃ ይወስዳል። ሌላም ነገር አለ። ድሮ ሽማግሌ ሲመጣ የተቀመጠ ሰው ብድግ ይል ነበር። ሁሉም አስቀድሞ በቆመበት ስብሰባ ላይ ግን ብድግ የሚባልበት ነገር የለም። ስለዚህ የብሎክ ዘጠኝ ሰዎች ጋሽ ያብስራ ብቅ ሲሉ ጉልበታቸውን ትንሽ አጠፍ አድርገው ቀና ይላሉ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። እሳቸውም እጃቸውን ወደ ታች እያወዛወዙ «በእግዜር! ኧረ በእግዜር!» ይላሉ፣ የተቀመጠ ሰው ያለ ይመስል። ይህም ሌላ ሃያ ሰከንድ ነው።

በመጋቢት መጀመሪያ ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ብሎኮችን ሁሉ የሚቆጣጠረው የማስተባበሪያ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ የኩሪባቸው ፊት ብቅ አለ። ፀጉሩን በሥርዓት ያበጠረ፣ ፈገግታ የማያጣ ወጣት ነው።

«ብሎክ ዘጠኞች፣ በርቱ» አለ። «አሥራ አንድ ዙር በተከታታይ ምንም እንቅፋት አላስመዘገባችሁም።»

አንድ ዙር ሁለት ሳምንት ነው። ሰዎቹ ሊያጨበጭቡ እጃቸውን አነሱ።

«ፍጥነታችሁ ግን በዙር ከሁለት መቶ አሥር ነጥብ ወደ መቶ ስልሳ ስምንት ወርዷል። እንቅፋት ሳይኖረው የሚንቀራፈፍ ብሎክ እኛ አናውቅም። እንቅፋቱን የሚደብቅ ብሎክ ነው የምናውቀው። ዛሬ አንድ እንቅፋት ስም ጠቅሳችሁ ታስመዘግባላችሁ፤ በዚህ ዙር መጨረሻ ላይ ይነሳል። ካልሆነ ግን ብሎኩ ይበተናል። ሃያ ሦስት ቤት፣ ሃያ ሦስት ከተማ። ምንም ችግር የለውም፣ የጓዝ መኪና እኛ እንልካለን።»

ፊቱ ጠፋ። በእሱ ቦታ ባዶ ካርድ መጣ።

በብሎክ ዘጠኝ ሰው ፊት የሰው ስም በክፉ ተነስቶ አያውቅም። የአራተኛ ፎቋ እትዬ ሶልያና፣ የሰባ አንድ ዓመት ሴት፣ እጃቸውን አወጡ።

«እኔን ጻፊኝ ባንቺ። የውኃው ግፊት የሚቀንሰው በኔ ቧንቧ ነው። ስንት ጊዜ ላሠራው ብዬ ተውኩት።»

«ኧረ እትዬ ሶልያና!» አለ መምህር ዘርጋው፣ የምድር ቤቱ ነዋሪ። «ምን በወጣዎት! እኔ ነኝ። የልጆቹን ጥናት ሦስት ዙር ያንጓተትኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ? አንተማ ለስንቱ ደርሰህ!»

«እኔ ነኝ አልኩ። በሞቴ።»

«አይደረግም!»

«እኔ እያለሁ ለምን መምህር?» አለ ሌላው። «የደረጃውን መብራት የሰበርኩት እኔ አይደለሁ?»

«ተወው ባክህ፣ መብራት እኮ ነው! የኔ ይብሳል!»

ምግብ ቤት ውስጥ እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል እየተባባሉ እንደሚተናነቁ ሰዎች ሆኑ። አንዱ የሌላውን እጅ ያወርዳል። አንዷ ካርዱን በሰውነቷ ለመከለል ሞከረች። የሚስቁም ነበሩ። መነሳት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ መጠየቅ ሰስቶ መታየት ነው። የሰሌዳው ሰዓት ቆጣሪ ቀላ።

«ዝም በሉ!» አሉ ጋሽ ያብስራ።

ዝም አሉ።

«ነውር አይደለም እንዴ? እኔ እዚህ ቆሜ እናንተ እንቅፋት ነን ትላላችሁ? ስንት ዓመቴ ነው? ደረጃ ስወርድ ሰባት ሰው ይታጎራል። ሰላምታዬ አራት ደቂቃ ይፈጃል፣ ቆጥሬዋለሁ። ከእኔ የተሻለ እንቅፋት ያለው ካለ ወዲህ ያምጣው!»

ሰዎቹ ሳቁ። ታላቅ «እኔ» ካለ በኋላ መከራከር አይቻልም።

«እርስዎ ካሉማ ምን ይደረጋል» አሉ እትዬ ሶልያና።

መምህር ዘርጋው ደረቱን ይዞ ጎንበስ አለ።

«አባዬ፣ ቆይ» አለች ባንቺአምላክ። ካርዱ ግን ተጽፎ ነበር፦ «ያብስራ ተክለማርያም። ሊነሳ። 13 ነጥብ።»

ስብሰባው በአንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ አለቀ።

ባንቺአምላክ ሥራ ቦታዋ ደርሳ ገና የሊፍቱን ክዳን ሳትከፍት ኩሪባቸውን ጠራችው።

«ስህተት ተፈጥሯል። አባቴ እንቅፋት አይደለም። ሁሉም እኔ ነኝ እኔ ነኝ ሲል እሱ ታላቅ ስለሆነ ነው። ይሉኝታ ነው።»

«ይገባኛል እህቴ ባንቺአምላክ» አለ ኩሪባቸው። «ግን ይሉኝታ የሚባል ዓምድ ሰሌዳው ላይ የለንም።»

«ካርዱ ይሰረዝ።»

«አይሰረዝም፤ ይተካል። ማን ይተካ? ስም ንገሪኝ፣ አሁኑኑ እቀይርልሻለሁ።»

ባንቺአምላክ አፏን ከፈተች። የእትዬ ሶልያና ፊት መጣባት፤ የመምህሩ ፊት፤ መብራት ሰበርኩ ያለው ሰው ፊት። የአንዱንም ስም አልጠራችም።

«የሚነሳ ሰው የት ነው የሚሄደው?» አለች።

«የቆይታ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። አትጨነቂ፣ እዚያ የገባ ነገር አይጠፋም። ቅድሚያ ሲያገኝ ይወጣል።»

«መቼ ነው ቅድሚያ የሚያገኘው?»

«ከሱ የሚቀድም በማይኖርበት ጊዜ» አለ ኩሪባቸው። መልካም ቀን ተመኘላት።

አመሻሹ ላይ ቤቷ ስትገባ ጋሽ ያብስራ ዳቦ በሻይ እየነከሩ ይበሉ ነበር። ተቀመጠች።

«አባዬ፣ የቆይታ ዝርዝር ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«እንዴት አላውቅም? እኛ አይደለን እንዴ የፈጠርነው።» ዳቦው እስኪርስ ጠበቁ። «በ2017 አካባቢ ነው። ሃያ ምናምን ዓመቴ። የአውቶቡስ ትኬት መቁረጫ ሶፍትዌር እንሠራ ነበር። ቢጫ ወረቀት ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን፣ ጠዋት ጠዋት ቆመን ትንሽ እናወራለን፣ ከዚያ ሳምቡሳ እንበላለን። ደስ ይል ነበር። ደንበኛው ይመጣና የማይሆን ነገር ይጠይቃል። ፊት ለፊት እምቢ አይባልም፣ ሰውየው ትልቅ ሰው ነው። ስለዚህ ‹ዝርዝር ውስጥ አስገብተነዋል› እንላለን። ደስ ብሎት ይሄዳል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምን አለ? ከዚያ ዝርዝር አንድም ነገር ሲወጣ አላየሁም።»

ባንቺአምላክ አባቷን አየቻቸው። «ይህን እያወቅክ ነው እኔን ጻፉኝ ያልከው?»

«ሶልያናን ይጻፏት?» አሉ። ዳቦውን ጎረሱ። «ይልቅ ንገሪኝ፣ አቀላጣፊ አይደለሽ? አንድ ካርድ በጣም ትልቅ ሲሆን ምን ይደረጋል?»

«ይበጣጠሳል። ክህሎት ሦስት።»

«ተበጣጥሶ ከውስጡ አንዷ ሳትጠናቀቅ ዙሩ ቢያልቅስ?»

«ትልቁ ካርድ አይነሳም። ለሚቀጥለው ዙር ይተላለፋል፣ እንደ አዲስ ይገመታል። ብሎኩም አይበተንም፣ እየሠራ ስለሆነ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማለቂያ የለውም እኮ። በየዙሩ መበጣጠስ ይቻላል።»

«እንግዲህ ወረቀት አምጪ።»

አርባ አንድ ካርድ ጻፉ። የጋሽ ያብስራን የክረምት ጫማ ማስጠገን። ጥቁሩን ጫማ ቀለም መቀባት። የመነጽራቸውን የቀኝ መስታወት ማስቀየር። የካፖርታቸውን ሦስተኛ ቁልፍ መስፋት። የእናታቸውን ፎቶ ከነክፈፉ መጠቅለል። ሐዋሳ ላለው የወንድማቸው ልጅ ደውሎ መሰናበት፤ ስልክ የማያነሳ ልጅ ነው። አርባ አንደኛዋን ካርድ ጋሽ ያብስራ እየሳቁ ጻፏት፦ «ከመምህር ዘርጋው ጋር የተጀመረውን ዳማ መጨረስ።»

ጨዋታው ከ2069 ጀምሮ ተንጠልጥሏል። መምህሩ ታላቁን ማሸነፍ አልፈለገም፤ ጋሽ ያብስራም መምህሩን በልጆቹ ፊት ማሸነፍ አልፈለጉም። ሁለቱም ሁለት ሁለት ንጉሥ ይዘው በየእሑዱ ወዲያና ወዲህ ያመላልሳሉ።

«ይቺ አታልቅም» አሉ ጋሽ ያብስራ።

ማክሰኞ ጠዋት ባንቺአምላክ አርባ አንዱን ካርድ ሰሌዳው ላይ ደረደረች። ሰዎቹ ትንሽ ጠጋ ብለው አነበቡ።

ረቡዕ ማታ ስትመለስ ጥቁሩ ጫማ በሩ ላይ ተወልውሎ ተቀምጧል። ፊት ያሳያል። ሐሙስ የመነጽሩ መስታወት ተቀይሯል፤ አንዱ ጎረቤት ወንድሙ መነጽር ሠሪ ነው። ዓርብ የካፖርቱ ቁልፍ ተሰፍቷል፤ ሦስተኛው ብቻ ሳይሆን ሁሉም እንደ አዲስ። ደረጃው ላይ ባገኘቻት ሴት እጅ የሻንጣ ማሰሪያ አየች።

«ተዉት፣ ግድ የለም» አለቻት። «እኔ ቀስ ብዬ እሠራዋለሁ።»

«ብቻሽን? እኛ የለንም እንዴ?»

«የእውነቴን ነው፣ ተዉት።»

«አይደረግም! ምን ቆርጦን!»

ተዉ ባለች ቁጥር ይብሳሉ። በዚህ አገር ተዉ ማለት ጨምሩ ማለት ነው፤ እሷም ይህን ቋንቋ ዕድሜዋን ሙሉ ስትናገረው ኖራለች። ደረጃው ላይ ከዚህ በላይ ግልጽ ልትሆን አትችልም፤ ሰሌዳው ይሰማል። እንቅፋት መደበቅ ማለት ደግሞ መበተን ነው።

ቅዳሜ እትዬ ሶልያና ቤት ገባች። በሩን ዘጋች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ካርዶቹ እንዲያልቁ አልፈልግም። እንዳያልቁ ብዬ ነው የበጣጠስኳቸው። ካለቁ አባቴ ይሄዳል፤ ከሄደ አይመለስም። አንድ ካርድ ብቻ ትቅርልኝ። አንድ።»

እትዬ ሶልያና ጉልበታቸው ላይ የጋሽ ያብስራን የክረምት ጫማ ይዘው ነበር። ተረከዙን እየሰፉለት ነው። መርፌው ቆመ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ያውቃሉ?»

«ማክሰኞ ገባኝ። ለሁላችንም ገባን።»

«ታዲያ?»

ቧንቧው ይንጠባጠብ ነበር።

«ባንቺ፣ የኔ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ቤት አለ እኮ» አሉ። «በየዙሩ ይተላለፋል ትያለሽ። በየዙሩ ይጠይቁናላ። አንድ ቀን ሌላ ስም ይሉናል።» መርፌውን ወጋ አድርገው አወጡ። «ያኛውን እግር አምጪልኝ። እግሩ በአንድ በኩል እንዳይበርደው።»

ባንቺአምላክ ጫማውን አመጣችላቸው። ለምን እንዳመጣች ኋላ ብዙ ጊዜ አስባዋለች። ትልቅ ሰው አምጪ ሲል ይመጣል፣ ሌላ ምክንያት አላገኘችለትም።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ የወንድማቸው ልጅ ከሐዋሳ ራሱ ደወለ። አንድ ሰው ሄዶ በሩን አንኳኩቶበት ነበር። በሐሙስ ጠዋት አርባዎቹ ካርዶች አልቀው አንዷ ብቻ ቀረች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መምህር ዘርጋው የዳማውን ሰሌዳ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጠጠሮቹ እንዳይንሸራተቱ እየተጠነቀቀ፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ባንቺአምላክ በሩን ከፍታ ቆመች፤ ግባ አላለችውም። ግባ ያሉት ጋሽ ያብስራ ናቸው።

«ና መምህር፣ ተቀመጥ። ምን ትቆማለህ፣ ስብሰባ ነው እንዴ?»

መምህሩ ተቀመጠ። አንዱን ንጉሥ ወደ መሀል ገፋው። ልጅም የማይሠራው ስህተት ነው። ጋሽ ያብስራ ጠጠሩን፣ ከዚያም የመምህሩን ፊት ተመለከቱ።

«መልሰው» አሉ። «ተሳስተሃል።»

«አልተሳሳትኩም ጋሼ።»

«መልሰው እልሃለሁ።»

«በሞቴ ይብሉት» አለ መምህሩ። አንገቱን ደፍቷል። «ሦስት ልጆች አሉኝ።»

ጋሽ ያብስራ ጣታቸውን ጠጠሩ ላይ አሳርፈው ቆዩ። ኋላ በሉት፤ ቀጥሎ ሁለተኛውንም።

«ጎበዝ ተጫዋች ነበርክ» አሉ።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ያብስራ በጥቁሩ ጫማና በካፖርታቸው ወረዱ። ከኋላቸው የተሰለፉት ሰባት ሰዎች ሻንጣዎቻቸውን ተካፍለው ይዘውላቸዋል። ግቢው ውስጥ ያሉት ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው ቀና አሉ። ሽማግሌው በእግዜር አላሉም። ሰላምታም አልሰጡም። ቦታቸው ላይ ቆሙና ተራቸው ሲደርስ ተናገሩ።

«ትናንት ዳማ አሸነፍኩ፤ ሁለት ነጥብ። ዛሬ እሄዳለሁ፤ አሥራ ሦስት ነጥብ። እንቅፋት የለም፣ ይመስገን።»

አሥራ አንድ ሰከንድ ፈጀ። ቀሪዋን ሃያ ስምንት ሰከንድ ሁሉም ቆሞ ጠበቀ።

ከበሩ ውጭ ነጭ መኪና ቆሟል። የመኪናው መወጣጫ ዝቅ ያለ ነው፤ ለሽማግሌ እንዲመች ታስቦበታል። ባንቺአምላክ ወደ ሰሌዳው ሄደች። ካርዱን ያዘች። ዞራ ሃያ ሁለቱን ሰዎች አየች፤ እነሱ ደግሞ እጇን ነበር የሚያዩት። ካላነሳችው ለሃያ ሁለቱ ቤት ሃያ ሁለት ከተማ፣ ለሦስቱ የመምህሩ ልጆች አዲስ ትምህርት ቤት፣ ለእትዬ ሶልያና አንድ የማያውቁት ደረጃ።

«በይ ባንቺዬ» አሉ አባቷ ከኋላዋ፣ በልጅነቷ የጫማ ክሯን አስራ እስክትጨርስ ሲጠብቋት በነበረው ድምፅ። «አንድ ሰዓት ሊሆን ነው።»

ካርዱን አነሳችው። «ያለቀ» የሚለው ሥር አስቀመጠችው።

ሰሌዳው አረንጓዴ ሆነ። የዙሩ ፍጥነት ሁለት መቶ ሃያ ስድስት፤ በብሎኩ ታሪክ ከፍተኛው። ከሁለት መቶ በላይ ሲሆን ይጨበጨባል፤ አጨበጨቡ። ስብሰባው ከሰዓቱ ሦስት ደቂቃ ቀድሞ አለቀ።

ሰኞ ባንቺአምላክ ማስተባበሪያው ጋ ደወለች።

«አርባ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድስተኛ ናቸው» አለ ኩሪባቸው። «ደህና ናቸው። ሰላም ብለዋል።»

«ለማን ነው ሰላም ያሉት?»

«ለሁሉም። በየስሙ። ስድስት ደቂቃ ፈጀባቸው።» ሳቀ። «ደስ የሚሉ አባት ናቸው።»

በሳምንቱ ስትደውል አርባ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባኛ ሆነዋል።

«ወደ ኋላ ነው እኮ የሄደው» አለች።

«አዎ፣ የሚቀድሟቸው መጥተው ነው» አለ።

በሚቀጥለው ዙር የብሎክ ዘጠኝ ፍጥነት መቶ ሰባ አንድ ሆነ። ጋሽ ያብስራ ከመሄዳቸው በፊት ከነበረው ይበልጣል። ሰላምታ የለም፤ ደረጃው ላይ ማንም አይታጎርም፤ ስብሰባው በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ማስተባበሪያው ግን የሚያወዳድረው ከሁለት መቶ ሃያ ስድስቱ ጋር ነበር። አርባ አንድ ካርድ የሚበጣጠስ አባት በየዙሩ እንደማይገኝ ባንቺአምላክ ለማስረዳት ሞከረች። ኩሪባቸው በትዕግሥት አዳመጣት። ክህሎት አንድ ነው።

ሰኞ ጠዋት ፊቱ ሰሌዳው ላይ ብቅ አለ። «ብሎክ ዘጠኞች፣ በርቱ» አለ። «አንድ ስም።» ጠፋ። ባዶው ካርድ መጣ።

ባንቺአምላክ ከሰሌዳው አጠገብ ቆማ ነበር። የቤቷ ተወካይ ቦታ ባዶ ነው። ግማሽ ክቡ ውስጥ እንደ ወለቀ ጥርስ ይታያል።

በዚህ ጊዜ እጅ ያወጣ የለም።

«እትዬ ሶልያና» አለ መምህር ዘርጋው። ድምፁ ትሑት ነው። «እርስዎ ይቅደሙ።»

እትዬ ሶልያና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። «ኧረ አንተ ቅደም መምህር። እኔ የት አውቄ።»

«እንዴት ተደርጎ! ታላቅ እያለ?»

«ታላቅነት በዕድሜ ነው ያለህ ማነው? ቅደም በሞቴ።»

«ኧረ በጭራሽ። እሳቸው ይቅደሙ» አለ መምህሩ ወደ ጎን እያመለከተ። የተጠቆመው ሰው ደረቱን ይዞ ጎንበስ አለና ለሚቀጥለው ቦታ ለቀቀ። «እርስዎ እያሉ? አይደረግም።» የሚቀጥለውም ለሚቀጥለው። ማንም አልጮኸም፣ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ግብዣው በግማሽ ክቡ ዙሪያ እጅ በእጅ ሄዶ፣ ባዶው ቦታ ጋ ሲደርስ ቆመ።

እትዬ ሶልያና ቀና አሉ። ወደ ባንቺአምላክ ተመለከቱ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ኃላፊያችን እያሉ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኛ ምን ብለን እንቀድማለን?»

በሦስት ዓመት ውስጥ እርስዎ ያላት ሰው አልነበረም። መምህሩ ቶሎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«እውነት ነው» አለ። «እትዬ ባንቺአምላክ እያሉ።»

«እትዬ ባንቺአምላክ ይቅደሙ» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

ሰሌዳው ቀላ። ባንቺአምላክ አንድ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት፣ ሃያ ሁለቱም ሰዎች፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ጉልበታቸውን ትንሽ አጠፍ አድርገው ቀና አሉ።

አርባ ሦስት ዓመቷ ነበር።